ማውስ የነካ አይገባም

ጥቅምት 25 ቀን 2003 ዓ.ም.፣ ሐሙስ

የክበቡን መግቢያ ፈተና ሰጠሁ። የኮሌጁ የኮምፒውተር ላብ ሞልቶ ነበር። ያለፉት በፍቃዱና ሦስት ጓደኞቹ ብቻ ናቸው። ሌሎቹ ፊታቸውን አጥቁረው ወጡ። ያጥቁሩ! ክበብ የሠርግ ዳስ አይደለም፣ ያለፈ ያገደመ ሁሉ ገብቶ የሚቀመጥበት።

ፈተናው ደግሞ ቀላል ነው። ጥቁሩ መስኮት ላይ ትእዛዝ እየጻፉ አንድ ፋይል መፍጠር፣ ወደ ሌላ ቦታ ማዛወር፣ መደበቅ፣ ከተደበቀበት ማውጣት። ማውስ መንካት ክልክል። አስቀድሜ ሰሌዳው ላይ በትልቁ ጽፌላቸዋለሁ፦ "ማውስ የነካ አይገባም"። አሚራ ነካች። ከኋላዋ ቆሜ አየኋት። ፋይሉ ቦታው ደርሷል፤ ያደረሰችው ግን በማውስ ጎትታ ነው።

"ቲቸር፣ ደረሰ አይደል?" አለችኝ።

"ዋናው መድረሱ ሳይሆን አደራረሱ ነው" አልኳት።

ጥሩ መልስ ነበር። በፍቃዱ ከት ብሎ ሳቀ።


ጥቅምት 27፣ ቅዳሜ

ዲናችን አቶ አሻግሬ ቢሯቸው አስጠሩኝ።

"መምህር ውበቱ፣ እስቲ አስረዳኝ። ይሄ ሊኑክስ የምትለው ነገር ምንድን ነው?"

አስረዳኋቸው። ኮምፒውተርን የሚመራው ዋናው ፕሮግራም ነው አልኳቸው። ዊንዶውስ የሚሸጥ ነው፤ እኛ ዘንድ ግን ገዝቶ የሚጭን የለም፣ ከፍላሽ ወደ ፍላሽ ከነቫይረሱ ይገለበጣል። ሊኑክስን ማንም በነፃ ይወስደዋል። ውስጡን ከፍቶ ያየዋል፣ ያሻሽለዋል፣ ለጎረቤቱ ይሰጠዋል። ሲገባኝ የነፃነት ጉዳይ ነው አልኳቸው።

"ነፃ ከሆነ ታዲያ ለምን ለአራት ልጅ ብቻ?"

ስለ ጥራት ነገርኳቸው። እሳቸው የሚያስቡት ከክልል ስለሚመጡት ሰዎች ነው። "ተጠቃሚው ስንት ነው ነው የሚሉኝ፤ ጥራት የሚል ዓምድ ሪፖርቱ ላይ የለም" አሉ። እኔ ለሪፖርት አልሠራም። ይህንንም ነገርኳቸው፤ ትንሽ ረጋ አድርጌ።

ቅዳሜ ከሰዓት ላቡ የክበቡ ነው፣ አለቀ። እርግጥ በክፍል ሰዓት አንድ ኮምፒውተር ላይ አምስት ልጅ ይደረደራል፤ እጅ የሚፈታው በቅዳሜው ነው። ስለዚህም ነው ለማይገባው ሰው የማይሰጠው።


ኅዳር 1፣ ረቡዕ

ፕሪንተሩ እምቢ አለ። ዊንዶውስ ባለበት ማሽን ያትማል፣ በሊኑክስ አያትምም። የፈተና ወረቀት ማባዛት አለብኝ። ከመካነ ሰላም መሆኔን ጠቅሼ ለአዲስ አበባዎቹ የሊኑክስ ወዳጆች መድረክ በኢንተርኔት ጻፍኩ። የመድረኩ መሪ ምናለ የሚባል ልጅ ነው፤ ጽሑፎቹን ዓመት ሙሉ አንብቤያለሁ። ሲጽፍ ቁርጥ አድርጎ ነው። እወድለታለሁ።


ኅዳር 4፣ ቅዳሜ

መልስ መጣ።

ምናለ፦ "መመሪያውን አንብብ። ይህ መድረክ የጀማሪ ማዋያ አይደለም።"

ከሥሩ አንድ ሌላ ሰው፦ "መካነ ሰላም መብራት ገባ እንዴ?"

ከዚያ በታች የሳቁ ብዙ ናቸው።

ምናለ ልክ ነው። አጠያየቄ ስንፍና ነበረበት፤ እኔም ብሆን እንዲሁ ነበር የምመልሰው። ሰው ሳይለፋ መጠየቅ የለበትም። መመሪያውን ግን አንብቤዋለሁ። ሁለት ጊዜ። መብራትም ከገባ ቆይቷል። መብራቱን ምን አመጣው?


ኅዳር 8፣ ረቡዕ

ከአረፋ በዓል በኋላ የመጀመሪያው የትምህርት ቀን። ግማሹ ልጅ ከገጠር አልተመለሰም።

ዘንድሮ ከእኛ ጋር የተመደበችው መምህርት ራሄል በፖስታ የመጣላትን ሲዲ አሳየችኝ። በነፃ የሚላክ ነው። ሊኑክስ ነው እንጂ ሌላ አይደለም፤ ግን ሁሉ ነገሩ በሥዕል፣ በቁልፍ፣ በቀለም። ሲጫን እንኳ "ቀጥል፣ ቀጥል" እያለ እጅ ይዞ ያሻግራል። "ጡጦ ነው" አልኳት።

"ጡጦ ያልጠባ ማን አለ?" አለችኝ።

ይባስ ብሎ አሚራ መጣች። በአንድ ወረቀት ላይ የኮምፒውተር ቃላትን ወደ አማርኛ መልሳለች። ማንም አላዘዛትም።

"ቲቸር፣ ፎልደርን ማኅደር ብንለውስ? መጣያውን ደግሞ ጥራጊ ብያለሁ። እኔ ተምሬ ስጨርስ ከተማ ውስጥ የጽሕፈትና የኮፒ ቤት ነው የምከፍተው፤ የሚገቡልኝ ሰዎች በእንግሊዝኛ አይግባቡም።"

"ሊኑክስ ትእዛዝ የሚቀበለው በእንግሊዝኛ ነው" አልኳት። "ደግሞ ለጽሕፈት ቤት ሊኑክስ ምን ያደርግልሻል? ለዚህ ብዙም አያስፈልግሽም።"

ሌላም አንድ ሁለት ቃል ጨመርኩ። ምን እንዳልኳት ትዝ አይለኝም። ወረቀቷን አጥፋ ደብተሯ ውስጥ ከተተችው። ራሄል ልጅቷ እስክትወጣ ጠብቃ፣ "ታዲያ ያ ነፃነት የምትለው ለማን ነው?" አለችኝ።

ለሚለፋበት! ብዬ መመለስ ነበረብኝ። ያኔ አልመጣልኝም፤ አሁን መጣ። ነገ እነግራታለሁ።


ኅዳር 9

አልነገርኳትም። ክፍል ነበራት።


ኅዳር 18፣ ቅዳሜ

ክበቡ ጥሩ ሄደ። በፍቃዱ ፈጣን ነው፤ ጣቱ ከሐሳቤ ይቀድማል። አነጋገሩ ሳይቀር እኔን እየመሰለ መጥቷል። መምህር ሌላ ምን ይፈልጋል?

አሚራ መስኮቱ ጋ መጥታ ቆመች። በፍቃዱ ብቅ አለና "እኅት፣ ይሄ ጽሕፈት ቤት አይደለም" አላት። እሷም "አውቄያለሁ፣ ዝም ብዬ ልይ ነው" አለችው። "የሚታይ ነገር የለም፣ የሚሠራ ነው ያለው" ብሎ መስኮቱን ዘጋ።

ሰምቻለሁ። ሥርዓት ማስከበር ነው። ትንሽ ለስለስ ማድረግ ይችል ነበር፤ ያ ግን ከዕድሜ ጋር የሚመጣ ነው።

ወደ ቤት ስሄድ ከግቢው አጥር ወዲያ ሁለት ሴቶች ሲያወሩ ሰማሁ። አንደኛዋ "አብሽሪ፣ የሱ ኮምፒውተር እንደሁ የአባቱ ርስት ነው" አለች። ስለ ማን እንደሚያወሩ አላውቅም። በዚህ ከተማ ኮምፒውተር ያለው ሰው ብዙ ነው።


ታኅሣሥ 3፣ እሑድ

ትልቅ ዜና! የአዲስ አበባዎቹ ደሴ ድረስ መጥተው የሊኑክስ ቀን ሊያከብሩ ነው፣ ታኅሣሥ 16። ምናለ ራሱ ይመጣል። ከየአካባቢው ያለን ሰዎች ተጋብዘናል። በፍቃዱን ይዤው እሄዳለሁ። መካነ ሰላም መብራት መግባት አለመግባቱን ያያሉ።

አሚራ ከክፍል ቀርታለች። ልጆች ይቀራሉ። ጓደኛዋን ስጠይቃት (የስም ጥሪው ስለሚጎድል ነው የጠየቅኳት) እናቷ ጅዳ ሰው ቤት እንደምትሠራና ልጇን ወደዚያ እንደጠራቻት ነገረችኝ። ጉዳዩን የያዘላት ደላላ ደሴ ነው ያለው።

ከዚህ አካባቢ ስንቱ ይሄዳል። ከመካነ ሰላም፣ ከአቀስታ፣ ከወረኢሉ፣ በየሳምንቱ። በማንም ምክንያት አይደለም። በእኔ ምክንያት ነው ያለም የለም። ለምንስ ይላል?


ታኅሣሥ 6

በፈተና የወደቀ ሁሉ ዐረብ አገር ከሄደ ፈተና ሊቀር ነው ማለት ነው።


ታኅሣሥ 9፣ ቅዳሜ

ራሄል ሻይ ቤት አገኘችኝ። "አሚራ ሰኞ ተነስታ ደሴ አክስቷ ጋ ሄደች" አለች።

"እኔ ምን ላድርግ?"

"ምንም አላልኩህም እኮ።"

"አስተያየትሽ ይናገራል።"

"ውበቱ፣ እኔ የማየው ሻዩን ነው" አለች። ሳትጨርሰው ተነሳች።

ደረጃን ዝቅ አድርጎ ሰውን መጥቀም አይቻልም። ይህን እስክሞት አልለቅም። ሁሉ እንደልቡ የሚገባበት ነገር ክብር የለውም። እኔ እዚህ የደረስኩት ማንም እጄን ይዞኝ አይደለም። ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ኮምፒውተር ነክቼ የማላውቅ የገጠር ልጅ ነበርኩ፤ የከተማ ልጆች ስቀውብኝ ሳቃቸውን ውጬ ነው የተማርኩት። ሳቅ ሰው ያደርጋል።

ሁሉንም ግን አያደርግም ይሆናል።

ተኛ ውበቱ።


ታኅሣሥ 15፣ ዓርብ፣ አውቶቡስ ውስጥ

አቀስታ ደርሰን ቆመናል። ጎማ። ብርዱ ብዕር አያስይዝም። በፍቃዱ ምናለን የሚጠይቀውን ጥያቄ በእንግሊዝኛ እየደጋገመ ያጠናል። ከፊታችን ያለው የጉጉፍቱ ተራራ ላይ ደግሞ ብርዱ ይብሳል ይላሉ።


ታኅሣሥ 16፣ ቅዳሜ፣ ደሴ

ሆቴሉ ውስጥ ተቀምጬ ነው የምጽፈው። በፍቃዱ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ተኝቷል፤ እንዳልተኛ ግን አውቃለሁ።

አዳራሹ ከደሴው አራዳ ሰፈር ከፍ ብሎ ነው። በጊዜ ደረስን። ምናለ በሩ ላይ ቆሞ ነበር፤ ከእኔ በዕድሜ ያንሳል፤ መነጽር፣ ጂንስ፣ ጀርባው ላይ የተጣለ ቦርሳ። እጄን ዘርግቼ "ውበቱ እባላለሁ፣ ከመካነ ሰላም" አልኩት።

"እ! የፕሪንተሩ ልጅ!" ብሎ ወደ ጓደኞቹ ዞረ። ሳቁ። እኔም ሳቅኩ። ለምን እንደሳቅኩ አላውቅም።

የትኛውን ሊኑክስ እንደምንጠቀም ጠየቀኝ። ነገርኩት። "እሱማ የጀማሪ ነው" አለ። "እውነተኛ ሊኑክስ ከምንጩ አንተው ራስህ የምትገነባው ነው። የተዘጋጀ የሚጭን ሰው ከዊንዶውስ ተጠቃሚ በምን ይለያል?"

ጀማሪ የተባልኩት በጥቁሩ መስኮት የምኮራው እኔ ነኝ ማለት ነው። ከእኔም በላይ ፎቅ አለ፤ ከሱም በላይ ሌላ ይኖራል። ማን ነው ጣሪያው ላይ ያለው?

ከዚያ በፍቃዱ እጁን አወጣ። ያን ሁሉ መንገድ ያጠናውን ጥያቄ ጠየቀ። ጥያቄው ጥሩ ነበር፤ እኔ ነኝ ያየሁለት። እንግሊዝኛው ግን የእኛው የወሎ ቦረና እንግሊዝኛ ነው። አንዷን ቃል እንደተጻፈች አነበባት። ከፊት ካሉት አንዱ ቃሏን እንደሱ አድርጎ ደገማት። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ምናለ "ቀጣይ ጥያቄ" አለ። ጥያቄው ሳይመለስ ቀረ። የበፍቃዱን ጆሮ አየሁት፤ በርበሬ መስሏል።

በዕረፍት ሰዓት አንደኛው መጣና "ብራዘር፣ እነዚህን ወንበሮች ወደዚያ አዙርልን" አለኝ። አንድ ወንበር አነሳሁ። አንስቼ መሐል አዳራሽ ደረስኩ። እዚያ ስደርስ አስቀመጥኩት።

"ምናለ" አልኩት፣ ሁሉም እንዲሰማ። "ፕሪንተራችን እስካሁን አያትምም። መመሪያውን አንብቤዋለሁ። እዚህ ካለው ሰው መልሱን የሚያውቅ ካለ ይንገረኝ፤ የማያውቅ ወንበር ይሸከም።"

የነገረኝ የለም። መልሱን እንደማያውቁት ያን ጊዜ ገባኝ። ምናለም አያውቀውም። ቢያውቅ ኖሮ ኅዳር ላይ በአንድ መስመር ይጽፍልኝ ነበር፤ "መመሪያውን አንብብ" ከማለት አይረዝምም።

በፍቃዱን ይዤ ወጣሁ። አሚራን በሳቀባት ቀን... ተወው። ሁለቱ የተለያየ ነገር ነው።

የተለያየ ነገር ነው?


ታኅሣሥ 17፣ እሑድ

ወደ መካነ ሰላም እየተመለስን ነው። መንገዱ ስለሚያናውጥ ጽሑፌ አይነበብም፤ ግን ሳይበርድ ልጻፈው።

ጠዋት መናኸሪያ ደርሰን የኛን አውቶቡስ ስንፈልግ፣ የአዲስ አበባው አውቶቡስ ጋ አሚራን አየናት። ትልቅ ሻንጣ፣ አዲስ ጫማ። ለፓስፖርት ወደ አዲስ አበባ እየሄደች ነው። ደላላው ትኬት ሊያስቆርጥ ሄዷል።

"አሰላሙ አለይኩም ቲቸር" አለች። ለእኔም እንደዚያ ነው የምትለው፤ ክርስቲያን መሆኔን እያወቀች።

"ወአለይኩም ሰላም። ትምህርትሽስ?"

"ፈተናውን ወደቅኩ እኮ።"

"ፈተናው ተሰርዟል።"

"ማን ሰረዘው?"

"እኔ።"

"መቼ?"

"አሁን።"

በፍቃዱ ዞሮ አየኝ። አሚራ ግን ሳቅም ቁጣም አላሳየችም። "የእናቴን ቃል ይዤ ነው የወጣሁ። እሷን ያናግሯት" አለች። ሞባይሏን አውጥታ ሚስኮል አደረገች። ወዲያው ከጅዳ ተደወለ። ስልኩን ሰጠችኝ። እናትየው ዘይነባ ይባላሉ።

"ማን ልበል?"

"የአሚራ መምህር ነኝ፣ እትዬ ዘይነባ።"

"ያረቢ! ልጄ ምን ሆነች?"

"ደህና ናት፣ አብሽሩ፣ አጠገቤ ቆማለች። ትምህርቷን ሳትጨርስ ባትሄድ ብዬ ነው።"

"እርስዎ ነዎት እንዴ? ‘ለዚህ ነገር አልተፈጠርሽም አለኝ’ ብላ በስልክ አለቀሰችብኝ።"

እንዲህ አላልኩም ልል ነበር።

"ምንድን ነው የሚያስተምሯት? እኔ አልተማርኩም፤ በሚገባኝ አድርገው ይንገሩኝ።"

ጀመርኩ። ሁለት ቃል ሳልሄድ እንግሊዝኛ ሆነብኝ። ተውኩትና እንደገና ጀመርኩ። "የሚጽፍ፣ የሚያትም፣ ሒሳብ የሚሠራ ማሽን አለ። ማሽኑ ብቻውን ብረት ነው፤ ውስጡ የሚያዘው ነገር ይፈልጋል። የሚያዘውን ነገር የሚሸጡ አሉ፤ በነፃ የሚሰጡም አሉ። እኔ የማስተምረው በነፃ የሚሰጠውን ነው። ገንዘብ የሌለው ሰውም እንዲጠቀምበት ተብሎ የተሠራ ነው።"

"ለድሃ ነው የተሠራው?"

"ለሁሉም ነው፤ ለድሃም።"

"ታዲያ የኔን ልጅ ለምን ከለከሏት?"

ረዳቱ "አዲስ አበባ! አዲስ አበባ!" እያለ ይጮሃል። አንድ ሰው በሻንጣ ገፍቶኝ አለፈ።

"ከዛሬ ጀምሮ አልከለክላትም" አልኳቸው።

"ተምራ ስትጨርስ እንደኔ ሰው ቤት አትገባም? እሱን ይንገሩኝ።"

"እሱን አላውቅም፣ እትዬ ዘይነባ። ልዋሽዎት አልችልም። የማውቀው የላቡ ቁልፍ ያለው እኔ እጅ መሆኑን ነው።"

ስልኩን ጆሮዬ ላይ ጫንኩት። የተቋረጠ መሰለኝ።

"ደላላው" አሉ በመጨረሻ፣ "አንድም ቀን ‘አላውቅም’ ብሎኝ አያውቅም። ሁሉን ያውቃል። እንግዲያ እስከ ረመዳን ትቆይ፤ ከዚያ ወዲያ አላህ ያውቃል። እሷን ይስጡኝ።"

እናትና ልጅ አወሩ። አሚራ ስልኩን ዘጋች፤ ሻንጣዋን ግን አላነሳችም።

"እናቴን ጠየቁ። እኔን አልጠየቁኝም።"

"ምን ልጠይቅሽ?"

"እመለሳለሁ ወይ ብለው።"

"ትመለሻለሽ?"

"ማኅደርን ይቀበላሉ?"

"ይታያል" አልኳት።

"ይታያል አይደለም ቲቸር።"

ደሴ መናኸሪያ መሐል፣ ሕዝብ እየሰማ፣ በገዛ ተማሪዬ ተፈተንኩ። "እሺ፣ ማኅደር" አልኩ። ሻንጣዋን አነሳች። ደላላው ትኬቱን ይዞ መጥቶ የጮኸውን ጩኸት አልጽፈውም። ወደ እኔ ሲጠጋ በፍቃዱ መሐላችን ገባ። ይሄንንም መጻፍ አለብኝ።

አሁን ሦስታችንም አንድ አውቶቡስ ውስጥ ነን። በፍቃዱ ከኋላ ብቻውን ተቀምጧል።


ታኅሣሥ 20፣ ረቡዕ

ማስታወቂያ ለጠፍኩ። ቅዳሜ ከሰዓት ላቡ ለሁሉም ክፍት ነው። የራሄልን ሲዲ በግማሾቹ ማሽኖች ላይ ጫንኩ፤ በግማሾቹ ብቻ! አቶ አሻግሬ ደስ ብሏቸው ቁጥር ሊጽፉ ብዕራቸውን አወጡ።

"ተለወጥክ" አለችኝ ራሄል።

"አልተለወጥኩም። ጥቁሩን መስኮት የማያውቅ ሰው ኮምፒውተር ያውቃል ብዬ ዛሬም አላምንም። ግን ከውጭ ቆሞ አይታወቅም።"

"እኔም እኮ እሱን ነው ያልኩህ።"

"አንቺ በሌላ መንገድ ነው ያልሽው።"

ሳቀች። አልተሸነፍኩም። ምናለና ወገኖቹ በሩን ዘግተው ይቀመጡ። እኔ የነሱ ግልባጭ ሆኜ አልሞትም፤ ግልባጭማ ከቫይረሱ ጋር ነው።


ታኅሣሥ 23፣ ቅዳሜ

ሞልተው መጡ። የወደቁትም፣ ጭራሽ ያልተፈተኑትም፣ ከከተማ ሁለት የሱቅ ልጆችም። አሚራ ከፊት ተቀምጣ አጠገቧ ላሉት ማኅደር ትላለች፣ ጥራጊ ትላለች። ቃሉ ለጆሮ ይከብዳል። ይለመዳል።

በፍቃዱ ዘግይቶ ገባ። ቆሞ አየ።

"ቲቸር፣ ክበብ ማለት ያለፈ ያገደመ ሁሉ የሚቀመጥበት ዳስ አይደለም ብለውን ነበር።"

"ብዬ ነበር።"

"ክብር የለውም ብለውን ነበር።"

"እሱንም ብያለሁ።"

"እኔ እዚህ ለመድረስ ለፍቻለሁ። ማንም እጄን አልያዘኝም።"

ቃሉ የኔ፣ ድምፁ የኔ፣ አንገቱን ያቀናበት ሁኔታ ሳይቀር የኔ። ደሴ ላይ ሲሳቅበት የቀላው ጆሮው አሁንም ቀልቷል። ልቆጣው አልቻልኩም። "ቁጭ በል፣ ላስተምር ነው፣ አግዘኝ" አልኩት። ራሱን ነቀነቀና ወጣ።

ልከተለው ተነሳሁ። ደጃፉ ላይ ስደርስ ከኋላዬ አንዲት ልጅ ጠራችኝ። ዙሀራ ትባላለች፣ የዘንድሮ አዲስ ገቢ ናት። እጇን እስከ ትከሻዋ ብቻ አውጥታለች፣ ሊሳቅባት እንደሚችል እንደሚያውቅ ሰው።

"ቲቸር... ይሄ ነገር በየት በኩል ነው የሚበራው?"

ሁለት ልጆች ፈገግ አሉ። ወደ እኔ አዩ፤ እኔ እስክስቅ እየጠበቁ።

ወደ ውጭ አየሁ። በፍቃዱ ግቢውን እያቋረጠ ነው፤ አልዞረም። ነገ ቤቱ ድረስ እሄዳለሁ። ዛሬ ግን ተመልሼ ወንበር ስቤ ከዙሀራ አጠገብ ተቀመጥኩ።

"ጥሩ ጥያቄ ነው" አልኳት። "ከታች በኩል ያለችው ክብ ነገር ትታይሻለች? እሷን ተጫኛት።"

ተጫነችው።